የዩሪያ ዋጋ እና በጥልቅ ባሕር የሚዘረጋው ቧንቧ

የመንዝ ገበሬ ማዳበሪያ ለምን እንደተወደደ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የዓለም ገበያ ጨመረ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ገበያው ከሩቅ አገር ተነሥቶ ደጋችን ድረስ የሚመጣበት መንገድ አለውና፤ ከእነዚህ መንገዶች አንዱ በባሕር ወለል ላይ የተዘረጋው የጋዝ ቧንቧ ነው።

ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ በአመዛኙ ከተፈጥሮ ጋዝ። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከአየር ይወሰዳል። ከናይትሮጅኑ ጋር የሚዋሐደው ሃይድሮጅን እና ለሥራው የሚያስፈልገው ሙቀት ግን ከጋዝ ይገኛሉ። ስለዚህ ጋዝ ሲወደድ ዩሪያም ይወደዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ገበያ በአማካይ 230 ዶላር ገደማ የነበረው አንድ ቶን ዩሪያ፣ በኤፕሪል 2022 ከ900 ዶላር በላይ ተሽጧል። እንጨት ባነሰበት ደጋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ፣ ማሳው የጆንያውን ማዳበሪያ መጠበቁ አይቀርም። ጭማሪው ጎልቶ የሚሰማውም በእንዲህ ያለው አካባቢ ነው።

ታዲያ ይህ ቧንቧ ከባሕር ሥር እንዴት ይገባል? ከጓሳ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ወደ አጣዬ የተመለከተ ሰው ጥልቀቱን ለመገመት አይቸገርም። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አጣዬ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከል ያለው ገደል በሙሉ ውኃ ሞላው እንበል። በአፋፉ ከፍታ የሚንሳፈፍ መርከብ የብረት ቧንቧ እየበየደ፣ ሳይታጠፍ እና ሳይጨፈለቅ፣ እስከ ታችኛው ሜዳ ማውረድ አለበት። ሩሲያን ከቱርክ የሚያገናኙት የጥቁር ባሕር ቧንቧዎች ያረፉት እስከ 2 ሺህ 200 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ነው። እዚያ ውኃው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይጫናል።

የተለመደው ዘዴ 12 ሜትር ርዝመት ያላቸውን ቧንቧዎች በመርከቡ ወለል ላይ አጋድሞ መበየድ ነው። በርካታ በያጆች በተለያዩ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ብየዳ በድምፅ ሞገድ ይመረመራል፤ የተቀጠለው ቧንቧም ከመርከቡ ጀርባ በተተከለ ደጋን መሰል መንሸራተቻ በኩል ወደ ውኃው ይወርዳል። ቧንቧው አንዴ መንሸራተቻው ላይ፣ ሌላ ጊዜ ወለሉ ሲቀርብ በተቃራኒው ይለመጣል። የሚንጠለጠለው ክብደት ቧንቧውን እንዳይሰብረው ቆንጥጠው የሚይዙት መሣሪያዎች በመርከቡ ላይ አሉ። ቱርክ ስትሪም የተባለው መስመር እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 የተዘረጋው በዚህ መንገድ ነው። የግድግዳው ውፍረት 39 ሚሊ ሜትር ነው።

በዚያው ባሕር ቀደም ሲል ለተዘረጋው ብሉ ስትሪም ግን ሌላ ዘዴ ተመርጦ ነበር። ሳይፔም 7000 የተባለው መርከብ ቧንቧውን በረጅም ማማ ውስጥ አቁሞ እየበየደ በቀጥታ ቁልቁል ሰደደው። እንዲህ ሲሆን ቧንቧው የሚለመጠው ወለሉ አጠገብ አንዴ ብቻ ነው። ይህ ለጥልቅ ባሕር ቢመችም፣ ብየዳው በአንድ ቦታ ስለሚከናወን አዝጋሚ ነው። ቀጭን ለሆኑ ቧንቧዎች ደግሞ ሦስተኛ ዘዴ አለ፤ የብስ ላይ ተበይደው እንደ ጓሳ ሣር ገመድ በግዙፍ መጠቅለያ ላይ ይጠቀለሉና ባሕር ላይ እየተፍታቱ ይቃናሉ።

ይህ ሁሉ ድካም አንድ ውጤት አለው። መርከብ ገበያ ሲለወጥ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ቧንቧ ግን አይቀይርም። ሻጭ እና ገዢ ለአሥርት ዓመታት ይተሳሰራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታየውም የዚህ መዘዝ ነው። ሩሲያ በባልቲክ ባሕር በኩል ለጀርመን የምትልከውን ጋዝ ቀንሳ በመጨረሻ አቋረጠች፤ አውሮፓም በመርከብ የሚመጣውን ጋዝ በውድ ዋጋ መሻማት ያዘች። በርካታ የአውሮፓ ማዳበሪያ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ፤ በባንግላዲሽም ጋዝ ያጡ የዩሪያ ፋብሪካዎች ቆሙ። መስከረም 16 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ ስናበራ፣ የኖርድ ስትሪም ቧንቧዎች በፍንዳታ ተቀደዱ። ብዙዎች የዋጋውን ንረት ከፍንዳታው ጋር ያያይዙታል፤ ነገር ግን ጋዙ ከዚያ በፊት ቆሞ ነበር። ቧንቧው ደኅና ሳለም ቢሆን ውሉ ከፈረሰ ጥቅም የለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ነጥብ ክብደት አለው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በጎዴ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የማዳበሪያ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ወይም 30 ሚሊዮን ኩንታል ዩሪያ እንዲያመርት የታሰበ ነው። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ድርሻው 60 በመቶ የዳንጎቴ ግሩፕ፣ 40 በመቶ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ነው። ጋዙ ከካሉብ እና ከሂላላ በቧንቧ ይመጣል። ይህ ቧንቧ የሚያርፈው በደረቅ ምድር ስለሆነ ማማም ግዙፍ መርከብም አይሻም፤ በአንጻሩ ጥበቃ ይሻል።

በእኔ ግምት ለገበሬው የሚበጀው ጥያቄ ፋብሪካው መቼ ይመረቃል የሚለው ብቻ አይደለም። ጋዙ ለፋብሪካው የሚሸጠው በምን ስሌት ነው? ከዓለም ገበያ ጋር ከታሰረ፣ ዩሪያው አገር ውስጥ ቢመረትም እንደ 2022ቱ ያለ ንረት እዚህም ይደርሳል። በራሱ ዋጋ ከተወሰነ ግን ሌላው ዓለም ሲናወጥ እኛ ልንረጋ እንችላለን። የጭነት ወጪውም መታየት አለበት፤ ለሰሜን ሸዋ ጎዴ ከጅቡቲ ትርቃለች እንጂ አትቀርብም። የሚድነው የውጭ ምንዛሬው እና የባሕር ጉዞው ነው፤ የከባድ መኪናው ኪራይ ግን ይቀራል።

ለግንባታው የተያዘው ጊዜ 40 ወር ነው። ከመስከረም 2018 ቢቆጠር እስከ 2021 ዓ.ም. አጋማሽ ይዘልቃል። እስከዚያ በየመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን የሚገባው ዩሪያ እንደ ወትሮው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው ነው።