ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ ያለው የአየር መንገድ ርቀት

የኹለት ከተሞች ርቀት በኹለት ዐይነት መለኪያ ይታወቃል። አንደኛው በካርታ ላይ የሚለካው ሲኾን፥ ኹለተኛው መንገደኛ ከቤቱ ተነሥቶ ካሰበበት እስኪደርስ ድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። እነዚህ መለኪያዎች እጅግ ሊለያዩ እንደሚችሉ የአዲስ አበባና የአሥመራ የአየር መንገድ ያስረዳል።

ከቦሌ እስከ አሥመራ አይሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሲለካ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኹለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ያሉ ስለ ኾኑ፥ አየሩ ስስ ነውና አይሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። ይህም ኾኖ በጄት አይሮፕላን በረራው ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። መንገዱም አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመዠመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአሥመራ በኩል ነበር።

ነገር ግን ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ውል ቢፈረምም፥ በረራው ሳይመለስ ኻያ ዓመት አለፈ። በዚያ ዘመን ከአንዱ ወደ ሌላው መኼድ የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። በካይሮ የዞረ እንደ ኾነ ጠቅላላው በረራ ከ4,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ይኸውም የቀጥታው ስድስት እጥፍ ነው። በዚህ ላይ የቲኬቱ ዋጋ፥ የመግቢያው ፈቃድና በመካከል የሚታደርበት ሌሊት ሲጨመር፥ ወላጁ የሞተበት ሰው ለቀብር ቀርቶ ለተዝካርም መድረስ ይቸግረው ነበር።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የኹለቱ መንግሥታት መሪዎች በአሥመራ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ፈረሙ፤ ሐምሌ 11 ቀንም አይሮፕላን በረረ። ከፊርማው እስከ በረራው የፈጀው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ ያን ያህል ዘመን መንገዱን የዘጋው የተራራ ከፍታ ወይም የመሣሪያ ጕድለት እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ኾኖም በ2016 ዓ.ም. ክረምት የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ስለ መንገደኞች ዕቃ መጥፋትና ስለ ዋጋ አቤቱታ በማቅረብ፥ ከመስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ዠምሮ በረራውን እንደሚያግድ አስታወቀ። አየር መንገዱም በበኩሉ በአሥመራ ባንክ ያለውን ገንዘብ እንዳያንቀሳቅስ መከልከሉን ገልጦ፥ ቀኑ ሳይደርስ ነሐሴ 28 ቀን በረራውን አቋረጠ።

ከነገሩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የመሪዎች በጎ ፈቃድ የተዘጋውን በር በዘጠኝ ቀን ሊከፍት ይችላል። ተከፍቶ የሚኖረው ግን፥ የጠፋውን ዕቃ ማን እንደሚከፍል፥ የቲኬቱ ገንዘብ በምን ሥርዐት እንደሚተላለፍ፥ ክርክርም ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ አስቀድሞ ተጽፎ የታወቀ እንደ ኾነ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የጸሓፊዎችና የሕግ ዐዋቂዎች ሥራ ስለ ኾነ ጭብጨባ አያገኝም፤ ነገር ግን ይህ በጐደለ ጊዜ የአንድ ሰዓት መንገድ ተመልሶ የቀናት መንገድ ይኾናል፤ ድካሙንም የሚሸከመው በማዶና በማዶ የተለያየው ዘመድ ነው።