«ጦረኛ ሕዝብ» ስለ ማለት

ወጣቶች ሆይ፤ ስለ ዙሉ ሕዝብ ምን ታውቃላችሁ ብዬ ብጠይቃችሁ፣ አብዛኞቻችሁ የምትመልሱልኝ ጋሻ፣ ጦርና ፉከራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ግን ዙሉዎችን ከሚሰድቡ ሰዎች ጋር አይደለም፤ ስድብ ስድብ መሆኑን ማንም ያውቀዋልና መልስ መስጠቱ አያደክምም። የምከራከረው ከሚያመሰግኗቸው ጋር ነው። «እንዴት ያሉ ጦረኞች! ደረታቸውን ሰጥተው ወደ ጥይት የሮጡ!» እያሉ የሚያደንቋቸው ሰዎች፣ አንድን ሕዝብ ከቤቱና ከከብቱ፣ ከሕጉና ከሥራው ለይተው ጦሩን ብቻ በእጁ ትተውለታል። በአገራችን ሰውን አንበሳ ማለት ክብር ነው። ነገር ግን አንበሳ ርስት የለውም፤ ጫካውን ቢነጥቁትም ከዳኛ ፊት ቆሞ አይሟገትም። የዙሉ ሕዝብ ግን ርስትም ሙግትም ነበረው፤ በሙግቱም ረትቶ ነበር። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1964 «ዙሉ» የሚባል የእንግሊዞች ፊልም ወጥቶ ብዙ አገር አዳርሷል። የሚያሳየው በጃንዋሪ 22 ቀን 1879 ሮርክስ ድሪፍት በሚባል የሚሲዮን ጣቢያ ውስጥ 150 ያህል ወታደሮች በሺህ የሚቆጠሩ ዙሉዎችን እንዴት እንደ መከቱ ነው። ስለዚሁ ውጊያ 11 ሰዎች የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን ታላቅ ሽልማት ተቀብለዋል። በፊልሙ መጨረሻ ዙሉዎቹ ኮረብታ ላይ ቆመው ለጠላቶቻቸው የጀግና ሰላምታ ሲሰጡ ይታያል። ፈጠራ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። የተደረገው ሌላ ነው፤ ዙሉዎቹ ሲመለሱ ቆስለው በሜዳ የቀሩት ወገኖቻቸው ተገደሉ። ተመልካቹ ግን ያችን ሰላምታ አይቶ «ጠላታቸውን እንኳ የሚያከብሩ ጦረኞች» እያለ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጦርነቱ ስለ ምን እንደ ተነሣ እሱም አልጠየቀም፣ ፊልሙም አልነገረውም።

እስቲ የማይነገረውን እንመልከት። የዙሉ መንግሥት ከቱጌላ ወንዝ በስተ ሰሜን ነበር። ሻካ በ1828 በገዛ ወንድሞቹ እጅ እስኪገደል ድረስ ብዙ ነገዶችን በኃይል አንድ አድርጎ ያቆመው ነው። የሕዝቡ ኑሮ በከብት ላይ የተመሠረተ ነበር። የአንድ አባወራ ግቢ ክብ ሆኖ ይሠራል፤ በመካከሉ የከብቶች በረት፣ በዙሪያው የሣር ጎጆዎች አሉ፤ እያንዳንዷ ሚስት የራሷ ጎጆና የራሷ ማሳ አላት። ማሽላውንና በቆሎውን የሚያለሙት ሴቶቹ ናቸው፤ ሸክሙም ከባድ ነበር። የከብቱ ሥራ የወንዶች ነው። ወንድ ሚስት ሲያጭ ለአባቷ ከብት ይሰጣል፤ ይህም ሎቦላ ይባላል።

አሁን ወደ ዝነኛው ሠራዊት ልምጣ። በአንድ ዕድሜ ያሉ ጎረምሶች ከየአውራጃው ተሰብስበው አንድ ጭፍራ ይሆናሉ፤ ጭፍራውም የራሱ ስም፣ የራሱም የጋሻ ቀለም አለው። ጋሻው የሚቈረጠው ከንጉሡ ከብቶች ቆዳ ስለ ሆነ፣ ጥቁሩን ከነጩ፣ ቡራቡሬውን ከቀዩ እየለዩ ያድሉታል። ንጉሡ ፈቅዶላቸው ያገባ ወንድ ምልክት የሆነውን ቀለበት በራሳቸው ላይ እስኪያደርጉ ድረስ ጎረምሶቹ ጎጆ አይወጡም። የዘመኑ የቅኝ አገር ሹማምንት ስለዚህ ነገር ሲጽፉ፣ ሚስት የተከለከለ ጎረምሳ ደም ለማፍሰስ ይቸኩላል ይሉ ነበር። ግን እነዚህ ጎረምሶች ዓመቱን ምን ሲሠሩ ይከርሙ ነበር? የንጉሡን ማሳ ይኮተኩታሉ፣ ከብቱን ይጠብቃሉ፣ የግቢውን አጥርና ቤት ይሠራሉ፣ አደን ይወጣሉ፤ የቀረውን ጊዜ በአባታቸው ቤት ያሳልፋሉ። ጦርነት ቢመጣ ይዘምታሉ። ንጉሥ ሴችዋዮ በ1873 ዘውዱን ከተቀበለ ጀምሮ ጦርነቱ እስኪመጣበት ድረስ በእንግሊዝ ግዛት ላይ አንድም ጊዜ አልዘመተም። ስለዚህ ያ ድርጅት ከጦር ሠራዊትነቱ ይልቅ የሥራ ማኅበር ነበር ብል አላጋነንሁም።

እንደ እኔ እምነት የዙሉዎች ወንጀል ይኸው ነበር። ከወንዙ በስተ ደቡብ የናታል ቅኝ ግዛት አለ። በዚያ የሚኖሩት ጥቁሮች ከ1849 ጀምሮ በየጎጆአቸው 7 ሺሊንግ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ በ1875 ወደ 14 ሺሊንግ ከፍ አለ። ከብት ያለው ከብቱን ሸጦ ይከፍላል፤ የሌለው ግን ለነጭ መቀጠር ነበረበት፤ ግብሩም የተፈለገው ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ያም ሆኖ የሸንኮራ እርሻው ባለቤቶች ሠራተኛ ጠፋ እያሉ ከ1860 ጀምሮ ሕንዳውያንን በመርከብ እስከ ማስመጣት ደርሰዋል። ቀጥሎ በኪምበርሌይ አልማዝ ተገኘና ጉድጓዱ ሰው ሰው አለ። በዚህ ሁሉ መካከል፣ ከወንዙ ማዶ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ብርቱ ጎረምሶች ለገዛ ንጉሣቸው አጥር ያጥራሉ! ይህን የሚያህል ጉልበት ያለ ደመወዝና ያለ ግብር በገዛ አገሩ ሲውል ማየት ለአንዳንድ ሰው አይን አስለቃሽ ነበር።

ስለ ሙግቱ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ዙሉዎች ከትራንስቫል ቦኤሮች ጋር የድንበር ክርክር ነበራቸው። እንግሊዝ በ1877 ትራንስቫልን ስትጠቀልል ክርክሩንም ወረሰች። በ1878 የናታል አገረ ገዥ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሲዮን አቆመ፤ መርማሪዎቹም እንግሊዛውያን ነበሩ። ምስክር ሰምተው፣ ወረቀት መርምረው፣ አብዛኛው መሬት የዙሉዎች ነው ብለው ፈረዱ። ከመርማሪዎቹ አንዱ ኮሎኔል ደርንፎርድ ነው። በዚያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ የእንግሊዝ ዋና እንደራሴ የነበረው ሰር ባርትል ፍሬር ግን ፍርዱን ለብዙ ወራት ሸሸገው። በመጨረሻ በዲሴምበር 11 ቀን 1878 የንጉሡ መልእክተኞች በቱጌላ ዳር ተጠሩ። ጠዋት ፍርዱ ተነበበላቸው፤ በሬ ታርዶላቸው ምሳ በሉ፤ ከምሳ በኋላ ሌላ ወረቀት ተነበበ። ንጉሡ ሠራዊቱን በ30 ቀን ውስጥ ይበትን፣ ጎረምሶቹ እንደ ወደዱ ያግቡ፣ የእንግሊዝ ሹም በአገሩ ይቀመጥ፣ ሚሲዮናውያንም ይመለሱ የሚል ነው። በጠዋት የሰጡትን በከሰዓት ነጠቁ። የሥራ ማኅበሩን በትን ማለት መንግሥትህን በትን ማለት እንደ ሆነ ፍሬር አሳምሮ ያውቅ ነበር።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ የአስተማሪዎቼንም ውለታ አልረሳም። እንግዲህ በጥላቻ ጻፈው እንዳትሉኝ። በዙሉ አገር ከነበሩት ሚሲዮናውያን ብዙዎቹ ሕዝቡ ወንጌልን የሚቀበለው መንግሥቱ ሲፈርስ ነው ብለው ጦርነቱን ደግፈዋል። የናታሉ ጳጳስ ኮሌንሶ ግን የዙሉን ቋንቋ ተምሮ፣ መዝገበ ቃላቱን ጽፎ፣ ሕዝቡ «ሶባንቱ» ማለት የሕዝብ አባት እስኪለው ድረስ አብሮ የኖረ ሰው ነው። በማርች 1879 የናታል ነጮች ለሞቱባቸው ሰዎች ሲያለቅሱ፣ እሱ የነቢዩ ሚክያስን ቃል ይዞ በዙሉ ላይ የተሠራውን ግፍ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሰበከ። ብዙ ወዳጆቹ ተለዩት። እኔን ጀግና አሳየን ብትሉኝ ይህን ሽማግሌ ነው የማሳያችሁ።

ስለ ውጊያው ብዙ አልጽፍም፤ ሌሎች ጠግበው ጽፈውታል። በጃንዋሪ 11 ቀን 1879 የእንግሊዝ ጦር ወንዙን ተሻገረ። አዛዡ ሎርድ ቼልምስፎርድ ለእኛም ፍጹም እንግዳ አይደለም፤ ገና ቴሲጀር በሚባልበት ጊዜ በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ዘመቻ ጋር ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። የደንከልን አገር የዞረው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም የልጅ ልጁ ነው፤ በ1910 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደ። ቼልምስፎርድ ጦሩን ከፍሎ ሲሄድ 20,000 ያህል ዙሉዎች በንችንግዋዮ አዛዥነት ኢሳንድልዋና ላይ በቀረው ሰፈር ወረዱበት። ከእንግሊዝ ወገን ከ1,300 በላይ ሞቱ፤ ከእነዚህም በመቶ የሚቆጠሩት ለእንግሊዝ የዘመቱ የናታል ጥቁሮች ነበሩ። መሬቱ የዙሉዎች ነው ብሎ የፈረደው ኮሎኔል ደርንፎርድም እዚያው ወደቀ። ከዙሉዎቹም ሺህ የሚያህሉ ሞተዋል። ሴችዋዮ ወደ ናታል እንዳይሻገሩ አዝዞ ነበር፤ ለዕርቅም ደጋግሞ ልኳል። መልስ ያገኘው በጁላይ 4 ቀን ነው፤ በኡሉንዲ ሜዳ መድፍና ባለ ብዙ አፈሙዝ ጠመንጃ ያለው ጦር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፈጀው፣ ከተማውንም አቃጠለው።

«ዙሉዎችስ ደም አላፈሰሱም?» የሚለኝ አይጠፋም። አፍስሰዋል። ሴችዋዮ ራሱ በ1856 ከወንድሙ ጋር በቱጌላ አጠገብ ሲዋጋ በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ አልቀዋል። በ1876 ለሽማግሌዎች አንዳርም ያሉ ልጃገረዶች በትእዛዙ ተገድለዋል። ይህን ማንም በደግነት ሊሸፍነው አይገባም። ፍሬርም የልጃገረዶቹን ደም እያነሣ ጮኾ ነበር። ነገር ግን ስለ ሴቶቹ አዝኖ የመጣው ጦር ጎጆአቸውን አቃጥሎ፣ ከብታቸውን ነድቶ ሲሄድ ለሴቶቹ ምን ተረፈላቸው?

መንግሥቱ የጠፋው በኡሉንዲ ብቻ አይደለም። ጄኔራል ዎልስሊ ንጉሡን አስማርኮ ወደ ኬፕታውን ከሰደደ በኋላ፣ በሬ አርደው ቅርጫ እንደሚያደርጉ አገሩን በ13 አለቆች መደበው። አንዱ መደብ ለነጩ ነጋዴ ለጆን ደን ደረሰ፤ ሌላው ለንጉሡ ባላጋራ ለዚቤቡ። በ1882 ሴችዋዮ አቤቱታውን ይዞ ወደ ለንደን ሄደ። እዚህ ላይ ልብ አድርጉ! ሕዝቡ በመንገድ ላይ ተሰብስቦ በሆታ ተቀበለው፤ ፎቶግራፉ በየሱቁ ተሸጠ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም አነጋገረችው። ኢሳንድልዋና ላይ ድል ያደረገ ንጉሥ ነዋ! አድናቆቱ ሲጠግብ ወደ አገሩ መለሱት፤ መሬቱ ግን እንደ ተቈራረሰ ነበር፤ ሠራዊት እንዳያቆምም ተከለከለ። በጁላይ 1883 ዚቤቡ ግቢውን በድንገት ወረረ። የአገሩ ታላላቅ ሽማግሌዎች በዚያ ቀን አለቁ፤ የኢሳንድልዋናው አዛዥ ንችንግዋዮም የእንግሊዝ ጥይት ያልነካው ሰው በዙሉ እጅ ሞተ። ሴችዋዮ በፌብሩዋሪ 1884 ኤሾዌ ላይ አረፈ።

ልጁ ዲኑዙሉ ዚቤቡን ለማሸነፍ የቦኤሮችን ርዳታ ፈለገ፤ እነሱም ውለታቸውን በሰፊ መሬት አስከፈሉት። የቀረውን በ1887 እንግሊዝ ጠቀለለች፣ በ1897 ለናታል ሰጠችው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከዚያው ላይ ለነጭ ገበሬዎች ተከፈለ። በ1905 ናታል አዲስ ግብር አወጀች፤ የጎጆ ግብር የማይከፍል አዋቂ ወንድ ሁሉ በራሱ 1 ፓውንድ ይክፈል አለች። ጎጆ የሌለው ማን ነው? ገና ያላገባው ጎረምሳ ነዋ። በ1878 ከንጉሡ ጭፍራ ነጻ ይውጣ የተባለለት ጎረምሳ ማለት ነው። ባምባታ የተባለ አለቃ በ1906 አልከፍልም ብሎ ሸፈተ፤ ዐመፁም ሲታፈን ከ3,000 የማያንሱ ጥቁሮች ተገደሉ። አንዱ ፓውንድ ግን በመንደር አይገኝም ነበር፤ የሚገኘው በጆሃንስበርግ የወርቅ ጉድጓድ ነው፤ ጎረምሶቹም ወደዚያው ሄዱ።