ጠመንጃው ተማረከ፤ ጥይቱን ማን ያጉርሰው?

በኦሬንጅ ፋርም፣ ከወገኖቻችን ሱቆች ጀርባ በምናካሂደው የውይይት ክበብ አንድ አስተያየት ተደጋግሞ ይሰማል፦ «ጠመንጃ ከጠላት እጅ ይማረካል። አባቶቻችን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሌላው ሁሉ ምክንያት ማብዛት ነው።» አሁን ደግሞ ይኸው አባባል ለአገር ቤት ወጣቶች በሚላክ በራሪ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ተጠይቋል። እኛ አስተያየቱ ግማሽ እውነት ነው እንላለን፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በጦር ሜዳ ሰው ያስጨርሳል።

እስቲ የአርበኞችን ዘመን በተጨባጭ እንመርምር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ትግል አርበኛው ከወደቀ ጠላት እጅ ያነሣው የጣልያን ጠመንጃ ካርካኖ ይባላል። ካርካኖ እንደ ሞዘር አይደለም። ሞዘር አምስት ጎራሽ ነው፤ የጥይቱ ማሰሪያ ቢጠፋ እንኳ አንድ በአንድ በጣት እየተጫነ ይጎርሳል። ካርካኖ ግን ስድስቱን ጥይት የሚጎርሰው ከነብረት ማቀፊያው ነው። ማቀፊያው ሆዱ ውስጥ ይቆይና የመጨረሻው ጥይት ሲቀባበል ከሥር ባለው ቀዳዳ መሬት ላይ ይወድቃል። እሱን ከሣር ውስጥ ሳይለቅም ቦታ የቀየረ ተዋጊ ዝናሩ ሙሉ ቢሆንም በእጁ የቀረው አንድ ጎራሽ ነው። እሱም ቢሆን ያስቸግራል፤ የጠመንጃው ጥፍር ጥይቱን ከማቀፊያው ሲነሣ ከሥር እንዲይዘው የተሠራ ስለሆነ በእጅ የገባውን በቀላሉ አይዝም። የማቀፊያው ከንፈር በትንሹ ከተጣመመ ደግሞ ጥይቱ አቅጣጫውን ስቶ ይነክሳል። (ለጣልያን መሐንዲስ አንድ ነገር እንመስክርለት፦ ማቀፊያው ላይና ታች ስለሌለው በጨለማም ቢሆን አይሳሳቱበትም።)

ስለዚህ «ጠመንጃ ማረከ» ሲባል ማቀፊያውንስ? ብሎ መጠየቅ ተራ የመካኒክ ጥያቄ አይደለም።

ቀረብ ወዳለው ታሪክ እንምጣ። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የታጠቀው የአሜሪካ ጋራንድ ስምንት ጥይት ከነማቀፊያው ይጎርሳል። በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ መሣሪያ ተቋረጠ፤ በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ወር የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ ማራገፍ ጀመሩ። የጋራንድም የክላሽንኮቭም ጥይት 7.62 ይባላል። ነገር ግን የጋራንዱ ቀለህ 63 ሚሊሜትር፣ የክላሹ 39 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሣጥን የሚያድል ሰው ለተዋጊው ያደለው ብረት ነው። የክላሽ ካዝናም ቢሆን በቀጥታ ወደ ላይ ቢገፉት አይገባም፤ መጀመሪያ የፊቱን አፍንጫ አስይዞ፣ ከዚያ ኋላውን እስኪቆልፍ መሳብ ነው። በደንብ ያልቆለፈ ካዝና ሳያጎርስ ይቀራል፣ ወይም ይወድቃል። ይህን ለመማር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ያላስተማሩት ልጅ ግን የሚማረው በተኩስ መካከል ነው።

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው» የሚሉ አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ኤም 16 ጠመንጃ በቬትናም ለምን እንደሚነክስ መርምሮ ባሩዱ መለወጡንና የጽዳት ትምህርትና ዕቃ መጓደሉን አጋልጧል። ወታደሮቹም ሞላው እንዳይጨናነቅ 20 የሚይዘውን ካዝና 18 ብቻ ያጎርሱት ነበር። ሀብታሙም ካላስተማረ ያው ነው።

እዚሁ ጆሃንስበርግ የሚታወቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ማንዴላ ኮልፌ ገብተው በኢትዮጵያውያን መኮንኖች ተኩስ ተማሩ፤ ሲሰናበቱ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ተሰጣቸው። ቅደም ተከተሉ ይስተዋል፦ በመጀመሪያ ትምህርት፣ ከዚያ መሣሪያ፣ ያውም ከነጥይቱ።

እኛ ከአፈሙዙ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀን የምንኖር ተማሪዎች ነን፤ ጠመንጃው ቢነክስ የሚሞተው ሌላ ሰው ነው። በመሆኑም በራሪ ወረቀቱ አሁን ባለበት መልኩ እንዳይባዛ እንቃወማለን። ወጣቱን «ማርክ» የሚል ሁሉ የጎደለውን ማቀፊያ፣ ጥይትና አስተማሪ ከየት እንደሚያገኝ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። መልስ የሌለው ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን ይሰርዝ፤ ያለዚያ ፊርማችን ከሥሩ አይገኝም።