አሚልያ ኤርሃርት ተመልሳ ቢሆን ኖሮ

በዚች አጭር ጽሑፍ የማነሣው ስለ አንዲት የባዕድ አገር ሴት ነው፤ ነገሩ የተጀመረው ግን ከቤታችን ነው። ባለፈው ክረምት ቡና ተፈልቶ ሳለ፥ ትምህርቴን ስጨርስ አውሮፕላን ማብረር ለመማር እንደምፈልግ ተናገርሁ። አባቴ ዝም አሉ። አክስቴ ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ያች የፈረንጅ ሴት በርራ የት ደረሰች? ባሕር አይደለም የበላት?» አሉኝ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውንም ተረት ጨመሩበት። ለአክስቴ ካለኝ አክብሮት የተነሣ በዚያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁም። መልሴ ይኸው ነው።

በቅድሚያ ሴትዮዋን ላስተዋውቃችሁ፤ ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው። አሚልያ ኤርሃርት የአሜሪካ ተወላጅ ስትሆን፥ በግንቦት ወር 1924 ዓ.ም. የአትላንቲክን ውቅያኖስ ብቻዋን በ15 ሰዓት ያህል በርራ በመሻገር ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬድ ኑናን ከሚባል የአቅጣጫ መሪ ጋር በምድር ወገብ አጠገብ ዓለምን ለመዞር ተነሣች። አፍሪካን አቋርጣ፥ በካርቱም በኩል አድርጋ፥ ያን ጊዜ በጣልያን እጅ በነበሩት በምጽዋና በአሰብ ዐረፈች። ሰኔ 8 ቀንም ከአሰብ ወደ ካራቺ በረረች። በዚያ ዘመን አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ስለ ነበረች፥ አያቶቻችን የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ የሚጠብቁት ቦምብና የመርዝ ጢስ ነበር። ሰኔ 25 ቀን ከኒው ጊኒ፥ ላኤ ከሚባል ስፍራ፥ 4,100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሃውላንድ ደሴት ጉዞ ጀመረች። ደሴቲቱ ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱም እስከ ዛሬ አልተገኙም።

እንግዲህ የአክስቴን ክርክር እንመርምረው። ፍሬድ ኑናን ወንድ አልነበረምን? ኪንግስፎርድ ስሚዝ በ1928፥ ፈረንሳዊው ደራሲ ሴንት ኤግዙፔሪም በ1936 ዓ.ም. እየበረሩ ሳለ ጠፍተዋል። ይሁን እንጂ በእነርሱ ምክንያት «ወንድ ልጅ ከቤት ይዋል» ያለ ሰው አልሰማሁም። ወንድ ሲጠፋ ጀግና ይባላል፤ ሴት ስትጠፋ ግን ለእኅቶቿ ማስፈራሪያ ትሆናለች።

ስለዚህ በሐሳቤ ሌላ ሕይወት ሰጠኋት። የምለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ጉዞውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክር የሬዲዮና የሞርስ ዕውቀት ያለው ሃሪ ማኒንግ አብሯት ነበር። አውሮፕላኑ ሆኖሉሉ ላይ ሊነሣ ሲል ተሰበረ፤ ጉዞው እንደገና ሲጀመርም ማኒንግ አልተመለሰም። በመጨረሻው ቀን በደሴቲቱ አጠገብ ይጠብቃት የነበረው ኢታስካ የተባለው መርከብ ድምፅዋን ሲሰማ፥ እርስዋ ግን የመርከቡን ንግግር ለመስማት አልቻለችም። እንግዲያው በእኔ ታሪክ ማኒንግ አብሯት ይሄዳል፤ ደሴቲቱንም ያገኟታል።

ከዚያስ? ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እመልሳታለሁ፤ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ሴት ተማሪዎችን በሥራ ምርጫ ትመክር ነበርና። በጦርነቱ ጊዜ ከ1,000 የሚበልጡ አሜሪካውያት ሴቶች ለጦር ሠራዊቱ አውሮፕላን ያበርሩ ነበር። 38ቱ ሞቱ፤ ሆኖም እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ እንደ ወታደር አልተቆጠሩም። አሚልያ በሕይወት ብትኖር ስለ እነርሱ የምትጮህ ይመስለኛል። በመጨረሻም ፀጉሯ ሸብቶ፥ መነጽር አድርጋ፥ የሬዲዮ ትምህርቷን ችላ ያለችን አንዲት ተማሪ ስትቆጣ አያታለሁ።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ይህ ሕይወት ምንም አያስደንቅም ይላሉ። እነርሱ ሰላይ ነበረች፥ ተማርካ ነበር የሚለውን ወሬ ይመርጣሉ። እኔ ግን መቃብሯን ስንፈልግ ሥራዋን እንዳንረሳ እፈራለሁ። ለእኔ ላለች ልጅ ከአንዲት ተረት ይልቅ አንዲት አሮጊት አስተማሪ ትጠቅማለች። ደግሞም እውነቱን አልሸሽግም፤ ለሬዲዮው በቂ ዝግጅት አላደረገችም። ከዚህ የምንማረው ግን አጥብቆ መዘጋጀትን እንጂ ከቤት መቅረትን አይደለም።

ለአክስቴ አንድ ምስክር ልጨምር። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች የሆኑበትን አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ አብርራ በደኅና ደርሳለች። እንግዲህ «የት ደረሰች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለን ማለት ነው።

አክስቴ ፊደል ስላልቆጠሩ ይህን ጽሑፍ በቡና ሰዓት የማነብላቸው እኔው ነኝ። በዚያን ጊዜ አባቴ ዝም እንዳይሉ እለምናቸዋለሁ።