ለሲም ካርድ ደንበኛም አድራሻ ይሰጠው
በሲም ካርድ በሚሠራ ራውተር ኢንተርኔት ቤቱ ያስገባ ሰው የራሱን ቪፒኤን ሰርቨር ሲተክል፣ ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው የፍጥነት ማነስ ሳይሆን የአድራሻ እጦት ነው። የራውተሩን ገጽ ከፍቶ ከቴሌኮም ኩባንያው የተሰጠውን የአይፒ አድራሻ ይመልከት፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር ከሆነ፣ ያ አድራሻ ከኩባንያው መረብ ውጭ አይታወቅም። ክልሉ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የተመደበው ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ እንዲጋሩ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ዋጋ የለውም፤ ከውጭ የመጣው ጥሪ ራውተሩ ጋ ሳይደርስ ኩባንያው ዘንድ ይቀራል። የአይፒቪ4 አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ እንደሆነና የዓለም አቀፉ ክምችት በ2011 (እ.ኤ.አ.) እንዳለቀ አውቃለሁ፤ የአድራሻ እጥረት የሌለበት አይፒቪ6 እያለ ግን ይህ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ኩባንያዎቹ ይህን እስኪያስተካክሉ የሚያዋጣው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፦ ይፋዊ አድራሻ ያለው አነስተኛ ሰርቨር ተከራይቶ፣ የቤቱ ማሽን ራሱ ዋየርጋርድ በተባለው ቪፒኤን ወደዚያ እንዲገናኝ ማድረግ። «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለውን የዋየርጋርድ ቅንብር 25 ሰከንድ ላይ ማድረግ አይረሳ፤ አለበለዚያ ዝም ያለው መስመር ይዘጋና ከውጭ መግባት አይቻልም። ይሠራል፤ በደንብ ይሠራል። ነገር ግን በየወሩ የኢንተርኔት ሒሳቡን የሚከፍል ደንበኛ የገዛ ቤቱን ካሜራ ለማየት ሌላ ኪራይ መክፈሉ ትክክል አይደለም። ኩባንያዎች ይፋዊ አድራሻ ለጠየቀ ግለሰብ፣ በተመጣጣኝ ክፍያም ቢሆን፣ ይስጡ፤ አይፒቪ6ንም ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት ሳያግዱ ያቅርቡ።