ሲጠሩት የሚመጣ አማርኛ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ኮድ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። በአማርኛ ዜና የሚጽፍ ሁሉ ያገባዋል እላለሁ።

በሊኑክስና በሌሎቹ የዩኒክስ ዘመዶች ላይ አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም፤ ላይብረሪ የሚባሉ የኮድ ፋይሎችን ይጠቀማል። አንዳንዶቹ የግድ ናቸው። ከጠፉ ፕሮግራሙ አልነሣም ይልና ስሕተቱን ስክሪን ላይ ይጽፋል። ሌሎቹን ግን እየሠራ ሳለ፣ ሲያስፈልጉት ብቻ በስም ይጠራቸዋል። መጥሪያው ዲኤልኦፕን ይባላል። ፋይሉን ከዲስክ ፈልጎ ሜሞሪ ውስጥ ያስገባዋል። አንኮበር ላይ ሰርግ የሚደግስ ሰው ወጥ ሠሪዋን ዓመቱን ሙሉ ቤቱ አያኖራትም፤ ለድግሱ ያስጠራታል እንጂ። እንደዚያ ነው።

ታዲያ አማርኛ የት ገባ? ብዙ የሊኑክስ ፕሮግራሞች መስኮታቸውንና የጽሑፍ ሣጥናቸውን የሚሠሩት ጂቲኬ በሚባል ላይብረሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጂቲኬ 2 የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ሣጥኑ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ከሚመጡት ምርጫዎች ውስጥ «አማርኛ (ኢዜድ ፕላስ)» የሚል ነበረበት፤ ትግርኛም አለ፣ ያውም ለኤርትራና ለኢትዮጵያ ለየብቻ። የሚገርመው፣ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ሲታይ ኮዱ ገና አልገባም። ስሙ ከመዝገብ ፋይል ይነበባል፤ ኮዱ የሚጠራው ሰው ሲመርጠው ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙ ሠሪ «ሀ» እና «ለ»ን ባይለይም እኛ በፕሮግራሙ ፊደላችንን እንጽፋለን። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑን ስናስብ፣ በ3 ዓመት ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። የግድ የሆነው ላይብረሪ ሲጠፋ ሁሉም ይጮኻል። ተጠርቶ የሚመጣው ሲጠፋ ግን ፕሮግራሙ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል። እንግሊዝኛው ይጻፋል፤ አማርኛው ብቻ የለም። «ተበላሽቷል» እንዳይባል ኮምፒውተሩ ይሠራል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጂቲኬ 3.10 ያንን የቀኝ ቁልፍ ምርጫ አነሣው። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው አይባስ በሚባለው በኩል ነው፤ እሱም ጂቲኬ ውስጥ የሚገባው በዚሁ በመጠራት መንገድ ነው። ሲስተሙን የጫነው ሰው የአማርኛውን ጥቅል ከዘነጋ አሁንም ድምፅ የለም። ተማሪው ዜናውን በእስክሪብቶ ጽፎ ውጪ ከፍሎ ያስተይባል፣ ነገሩም እንደ ልማድ ይያዛል።

አንዳንድ ጓደኞቼ መፍትሔው አማርኛን በየፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ መስፋት ነው ይላሉ። አልስማማም። እንዲያ ቢሆን የእያንዳንዱን ፕሮግራም ባለቤት ደጅ ልንጠና ነው። መጠራቱ ይቅርብን አልልም፤ ሲጠራ መምጣቱን የሚያይ ሰው ግን ይኑር። ለምሳሌ ለተማሪዎች ኮምፒውተር ሲገባ ተረካቢው ማሽኑ መብራቱን ብቻ አይቶ መፈረሙ ይቅር። ከመፈረሙ በፊት ተቀምጦ በፊደል «ደብረ ብርሃን» ብሎ ይጻፍበት።