የጉልበት ቀጠሮ



በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ በጭንና በቅልጥም መካከል ያለው መታጠፊያ ነው፤ ሌላው አቅም፣ ብርታት ማለት ነው። በሰው አገር ቆሞ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ጉልበቱ ከከዳው እንጀራውም አብሮ ይከዳዋል። ስለዚህ ለዛሬ የመረጥኩት ርዕስ ከ40 ዓመት በኋላ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ እንደገና በእግር ስለ መቆም ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ በ47 ዓመቴ ያለፍኩበት መንገድ ስለሆነ ግን አባጣ ጎርባጣውን አውቀዋለሁ።

መቼም እኛ ኳስ ስንወድ ለጉድ ነው! የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ከተቋቋመ ወዲህ፣ የጁላይ 4 ሰሞን በተቃረበ ቁጥር ቦርጩ የገፋውም ፀጉሩ የሸበተውም ታኬታውን ከካርቶን ያወጣል። ዓመቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ ወይም ካሸር ላይ ቆሞ የከረመ እግር በአንድ እሑድ የ20 ዓመት ጎረምሳ እንዲሆን ይታዘዛል። ጅማቱ የሚበጠሰውም ብዙውን ጊዜ ሰው መትቶት አይደለም። ሩጫውን ድንገት ገትቶ፣ እግሩን ተክሎ ሲዞር ነው። እግሩ መሬት ላይ እንደተያዘ ሰውነቱ ይዞራል፤ «ጧ!» ይላል፤ በሰዓታት ውስጥ ጉልበቱ ያብጣል። ኳስ የማይወደውም ቢሆን በክረምት በረዶ ላይ ተንሸራትቶ እዚያው ሊደርስ ይችላል።

ሐኪሞች ኤ ሲ ኤል የሚሉት ይህ ጅማት በጉልበት መሐል የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር ያስራል። ሥራው ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይሾልክ፣ ስንዞርም ጉልበቱ እንዳይላቀቅ መያዝ ነው። ፈጽሞ ከተበጠሰ ብዙውን ጊዜ እንደ አጥንት ተመልሶ አይገጥምም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ በሌላ ጅማት ይተካዋል። ተተኪው ከጉልበት ሎሚ ሥር ወይም በላይ፣ ከጭን ጀርባ፣ አለዚያም ከሟች ከተለገሰ አካል ይወሰዳል። ከሟች የተለገሰው የራስን ገላ ስለማያስቆርጥ በእኛ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ይታሰባል፤ በወጣት ስፖርተኞች ላይ ግን ይበልጥ የመበጠስ ጠባይ አለው። እዚህ ላይ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ልትነግሩት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስግደት ነው። ከሎሚው ሥር ጅማት የተወሰደባቸው ሰዎች ሲንበረከኩ ሕመም ይበዛባቸዋል። በቤተ ክርስቲያን የሚሰግድም ሆነ በቀን አምስት ጊዜ ሶላት የሚሰግድ ይህን አስቀድሞ ይናገር።

ለመሆኑ ኦፕራሲዮን ለሁሉም ግዴታ ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመ የስዊድን ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆነ 121 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ቶሎ ኦፕራሲዮን አስደረገ፤ ሌላውን በቴራፒ አስጀምሮ፣ ካልሆነለት በኋላ እንዲደረግ ፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በአምስተኛው ዓመት ከሁለተኛው ወገን ግማሽ ያህሉ ኦፕራሲዮን ሳይደረጉ ቆይተዋል። እርግጥ እነዚህ ከእኛ በዕድሜ ያነሱ ናቸው። ቢሆንም ኳሱን ለመተው የወሰነ የ50 ዓመት ሰው ይህን ጥያቄ ለሐኪሙ ቢያነሣ ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ደረጃ ሲወርዱ ጉልበቱ የሚከዳ ከሆነ፣ ወይም በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ሜኒስከስ አብሮ ከተቀደደ፣ ሚዛኑ ወደ ኦፕራሲዮን ሊያዘነብል ይችላል።

እንግዲህ ተወሰነ እንበል። ኦፕራሲዮኑ ራሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ከዚያ የሚቀጥለው ግን ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ነው። ከዚህ ሁሉ ጊዜ አደገኛው የመጀመሪያው ሳምንት ይመስላችኋል? ለጅማቱስ አይደለም። አዲሱ ጅማት ሲተከል ደም አይዞርበትም። ሰውነት ቀስ እያለ የደም ሥር ያበቅልበታል፣ አሮጌውን እያፈረሰ በራሱ ይሠራዋል። ቤት ሲታደስ እንደሚሆነው ሁሉ፣ አሮጌው ግድግዳ ፈርሶ አዲሱ ገና ያልቆመበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ በግምት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው! ልክ በዚያን ሰሞን እብጠቱ ጎድሏል፣ ሕመሙ ቀሏል፣ ክራንቹ ጥግ ተጥሏል፤ ሰውዬውም «ድኛለሁ» ይላል። ጅማቱ እጅግ በደከመበት ሰዓት ባለቤቱ እጅግ ይደፍራል። የሕመም መጥፋትን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት።

ስለ ጠያቂዎቻችንም ላንሣ። እግዚአብሔር ይስጣቸውና ዶሮውን፣ አጥሚቱን ይዘው ይመጣሉ። ፍቅራቸው ግን ሁለት ነገር ሊያበላሽ ይችላል። አንደኛው ትራስ ነው። «ይመችህ» ብለው ከጉልበት ሥር ይሸጉጡታል። ጉልበት ታጥፎ ከሰነበተ እንደዚያው ሊደርቅ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ደግሞ ያስነክሳል። ትራሱ ከተረከዝ ሥር ይሁን! ሁለተኛው «ተኛ፣ አረፍ በል» የሚለው ምክር ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ የጭን ጡንቻ እንደ እንቅልፋም ሠራተኛ ነው፤ ካልቀሰቀሱት አይነሣም። እግርን ዘርግቶ፣ ጉልበትን ወደ ፍራሹ ጫን አድርጎ፣ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ፤ ይህንም በቀን ደጋግሞ መሥራት ነው። ቡና ከተፈላማ ለአቦሉ፣ ለቶናው፣ ለበረካው አንዳንድ ዙር!

«ትንሽ በቅቤ ቢታሽ ምን አለበት?» የሚልም አይጠፋም። ወጌሻን አከብራለሁ። ነገር ግን ባት አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና፣ መታሸቱ ቀርቶ በዚያኑ ዕለት ለሐኪም መደወል ያስፈልጋል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ 911 ነው። «አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ሄጄ ላገግም» የሚለውም ሰው፣ ከዋሽንግተን ከ12 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መብረር ይኸው ደም የመርጋት አደጋ እንዳለበት ይወቅ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ቲኬት አይቆረጥ።

ለብዙዎቻችን ከሕመሙ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣው የቤት ኪራዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ባለፉት 12 ወራት ደግሞ ቢያንስ 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው እስከ 12 ሳምንት ሥራውን ይጠብቅለታል። ደመወዝ ግን አያስከፍልለትም። በግሉ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ወገናችን በዚህ ጥላ ሥር የለም። የተጎዳው ቀኝ ጉልበት ከሆነ ፍሬን በኃይል ለመርገጥ እስኪበቃ ሳምንታት ይፈጃል፤ ጠንካራ ማስታገሻ እየወሰዱ መንዳትማ ጨርሶ አይታሰብም። ምግብ ቤት ወይም መጋዘን ውስጥ ቆሞ ለሚሠራው ወራት ሊወስድበት ይችላል። ደግነቱ ይህ ኦፕራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ አይደለም፤ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቀኑን መምረጥ ይቻላል። እቁባችሁ የሚወጣበትን ወር አስሉ። ኢንሹራንሳችሁ በዓመት ስንት ጊዜ ለቴራፒ እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጥቂቱንም ለመጨረሻዎቹ ወሮች ቆጥቡ። ብዙ ሰው ቴራፒ የሚያቆመው ጡንቻው ከመመለሱ በፊት ነውና።

ኳሱስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በስፖርተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ወደ ሜዳ መመለስን እስከ ዘጠነኛው ወር ባዘገዩ መጠን፣ በእያንዳንዱ ወር ጉልበት እንደገና የመጎዳት አደጋው በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ወር መቁጠሩም ብቻውን አይበቃም። የታከመው እግር ሲለካ ቢያንስ የደህናውን 90 በመቶ ያህል ብርታት ማግኘት አለበት።

በሐበሻ ቀጠሮ ስንሳሳቅ እንኖራለን። እንግዲህ ጉልበትም ሐበሻ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት «ደርሻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ይላችኋል፤ እውነተኛው መምጫው ግን ዘጠነኛው ወር፣ አንዳንዴም ዓመቱ ነው። እንደ ሌላው ቀጠሮ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁት፤ በየቀኑ እየሠራችሁ ጠብቁት እንጂ። ዕንቁላልስ በእግሩ የሄደው ቀስ በቀስ አይደል?

ቸር ይግጠመን።